ሐማንታሽ ለፑሪም መጋገር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአይሁድ በዓል የሆነው ፑሪም በተቃረበ ቁጥር ስለ ሐማንታሽ አጋገር የሚነሡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ፤ መጠኖቹ በሙሉ ለቤት ኦቨን የተሰሉ ናቸው።

ሐማንታሽ ምንድን ነው? ከፑሪም ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

ሐማንታሽ ከስንዴ ዱቄት፣ ከቅቤ ወይም ከዘይት፣ ከስኳርና ከእንቁላል በተለወሰ ሊጥ የሚሠራ፣ መካከሉ ላይ ጣፋጭ መሙያ ተደርጎበት በሦስት ማዕዘን የሚታጠፍ ብስኩት ነው። ከአውሮፓ አሽከናዝ አይሁድ የመጣ ሲሆን፣ በእስራኤል «ኦዝኔ ሐማን» ማለትም «የሐማ ጆሮዎች» በመባል ይታወቃል። በዓሉ ከመድረሱ ሳምንታት አስቀድሞ ዳቦ ቤቶች በየዓይነቱ ይደረድሩታል።

ፑሪም በመጽሐፈ አስቴር የተተረከው መዳን መታሰቢያ ነው። ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በ127 አገሮች ላይ የነገሠው የአርጤክስስ ሹም ሐማ፣ አይሁድን ሁሉ በአንድ ቀን ለማጥፋት ፉር የተባለውን ዕጣ አስጥሎ ነበር፤ ሆኖም አስቴርና መርዶክዮስ ሤራውን አከሸፉት፣ ሐማም ለመርዶክዮስ ባዘጋጀው እንጨት ላይ ራሱ ተሰቀለ። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 9 ቀኑ የግብዣና የደስታ፣ ሰው ለሰው ምግብ የሚላላክበት፣ ለድሆችም ስጦታ የሚሰጥበት ቀን እንዲሆን ተደንግጓል። ሐማንታሽ ቦታውን ያገኘው በዚህ መላላክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጣፋጭ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ተከፍቶና ፈስሶ ሳይበላሽ ከቤት ወደ ቤት መድረስ ይኖርበታል። ከዚህ በታች የሚሰጡት አብዛኞቹ ምክሮች የሚመነጩት ከዚህ ፍላጎት ነው።

መቼ ነው የሚጋገረው?

ፑሪም የሚውለው በዕብራይስጥ አቆጣጠር አዳር 14 ቀን ነው። ዓመቱ 13 ወር በሚኖረው ጊዜ በዓሉ በሁለተኛው አዳር ይከበራል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2027 ማርች 23፣ ማለትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 14 ቀን 2019 ይውላል፤ በ2028 ደግሞ ማርች 12፣ ማለትም መጋቢት 3 ቀን 2020 ይሆናል። በዓሉ የሚገባው በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ግን በማግስቱ፣ አዳር 15 ቀን ያከብራሉ፤ ከኢያሱ ዘመን ጀምሮ በቅጥር የታጠሩ ከተሞች ሥርዓት ይህ ነውና።

ከፑሪም በፊት ያለው ቀን አብዛኛውን ጊዜ የአስቴር ጾም በመሆኑ፣ እየጾሙ እየጋገሩ መቅመስ አይቻልም። ሊጡንና መሙያውን ከሁለት ቀን በፊት አዘጋጅቶ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር የሚሻለው ለዚህም ነው። እርሾ የማይበላበት የአይሁድ ፋሲካ ከአንድ ወር በኋላ ስለሚከተል፣ ብዙ ቤተሰቦች በፑሪም ሰሞን የተረፋቸውን ዱቄት መጨረስ ይጀምራሉ።

ቅርጹ ለምን ሦስት ማዕዘን ሆነ?

ብዙ ማብራሪያ ይሰጣል፦ የሐማ ባርኔጣ ነው የሚሉ አሉ፣ ጆሮው ነው የሚሉ አሉ፣ ኪሱ ነው የሚሉም አሉ። ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ በአውሮፓ የተለመደው በ18ኛው መቶ ዘመን ስለሆነ፣ የፋርስ ሹም እንዲህ ያለ ባርኔጣ ደፍቶ ነበር ማለት ያስቸግራል። ለጋጋሪው የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ ሦስት ማዕዘኑ መሙያውን ከሦስት ወገን አቅፎ ይይዛል፣ ከላይ ክፍት መሆኑ ደግሞ እንፋሎቱን ያስወጣል።

ሊጡ እንዴት ይዘጋጃል?

ወደ 30 ለሚጠጋ ሐማንታሽ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ቫኒላና የአንድ ብርቱካን ልጣጭ ፍቅፋቂ ያስፈልጋል። ቤኪንግ ፓውደር መጨመር ግዴታ አይደለም፤ የሚጨምር ሰው ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ባያሳልፍ መልካም ነው፣ ምክንያቱም ሊጡ በተነፋ ቁጥር እጥፋቱ ይላቀቃል። ዱቄቱን በወንፊት መንፋት አይዘለል፤ እንቁላሉም በካሼር ቤቶች፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሥርዓት በሚጠብቁ ቤቶች እንደሚደረገው አስቀድሞ ብርጭቆ ውስጥ ተሰብሮ ደም እንደሌለበት ይታያል።

ለስለስ ያለውን ቅቤ ከስኳሩ ጋር አዋህዶ እንቁላሉን፣ ቫኒላውንና የብርቱካኑን ልጣጭ ማከል፣ ከዚያም ዱቄቱንና ጨውን ጨምሮ ሊጡ እስኪሰበሰብ ብቻ መለወስ ነው። እንደ ዳቦ ሊጥ ማሸት አያስፈልገውም፤ ከልክ በላይ የታሸ ሊጥ ጅማት ያወጣና ምድጃ ውስጥ ሲገባ እየተኮማተረ ማዕዘኖቹን ይጎትታል። ሊጡን ጠፍጠፍ አድርጎ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማሳረፍ ይገባል፤ ቢያድር ደግሞ ዱቄቱ እርጥበቱን በሚገባ ስለሚጠጣ ይበልጥ ይታዘዛል።

ውስጡ ምን ይደረጋል?

ጥንታዊው መሙያ በእስራኤል «ፔሬግ» የሚባለው የፖፒ አበባ ዘር ነው። ታልሙድ በተባለው የአይሁድ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ በመጊላ ክፍል ከሰፈሩት አስተያየቶች አንዱ፣ አስቴር በንጉሡ ቤት ሳለች ካሼር ያልሆነውን ላለመብላት ጥራጥሬና ዘር ትመገብ ነበር ይላል፤ በፑሪም ዘር ያለበት ነገር የመብላት ልማድም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የነነዌንና የሑዳዴን ጾም በሽሮና በቆሎ ለሚያሳልፍ አገር ሰው ይህ የአስቴር ጥንቃቄ ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም።

የፕሪም ማርማላታም የራሱ ታሪክ አለው። በቦሔሚያ (በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ)፣ ዛሬ ምላዳ ቦሌስላቭ በምትባለው ከተማ ይኖር የነበረ ዳቪድ ብራንዳይስ የተባለ አይሁዳዊ ነጋዴ፣ በ1731 የሸጠው የፕሪም ማርማላታ ሰው ገድሏል ተብሎ ተከስሶ ታሰረ፤ ኋላ ሰውየው የሞተው በሳንባ ነቀርሳ መሆኑ ተረጋግጦ በነፃ ተለቀቀ። ቤተሰቡም ቀኑን እንደ ራሱ ፑሪም ማክበር ጀመረ። የደረቀ ፕሪም የሐማንታሽ ተወዳጅ መሙያ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው ይባላል።

ቴምር በእስራኤል በጣም የተለመደ ነው፤ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ አይሁድ ለፑሪም በቴምር የተሞሉ እንደ ማሙል ያሉ የራሳቸው ብስኩቶች ስላሏቸውም ጣዕሙ ለብዙ ቤት እንግዳ አይደለም። 200 ግራም ፍሬው የወጣለት ቴምር ከ3 የሾርባ ማንኪያ የብርቱካን ጭማቂና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ጋር በቀስታ እሳት ላይ ለስልሶ ሲላቆጥ ይበቃል። ደረቅ ቴምር ውስጡ ትል ሊኖርበት ስለሚችል እያንዳንዱን ከፍቶ ማየት ያሻል። ልጆች በአብዛኛው ቸኮሌት ይመርጣሉ፤ የሚቀባ ቸኮሌት ቀዝቅዞ እስካልጠነከረ ድረስ ግን ስለሚፈስ፣ በማንኪያ ቆንጥሮ ፍሪዘር ውስጥ አጠንክሮ መጠቀም ይሻላል። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው የፖፒ ዘር ነው፤ ትንሽ መራርነቱ የሊጡን ጣፋጭነት ያመጣጥነዋል።

የፖፒ ዘሩ ለምን ይመርራል? እንዴትስ ይዘጋጃል?

የፖፒ ዘር ዘይት የበዛበት ስለሆነ፣ በተለይ ከተፈጨ በኋላ ሙቀት ካገኘው ቶሎ ይበላሻል፤ የሚሰነፍጥ መራራ ጣዕም ካለው አርጅቷልና ስኳር በመጨመር አይስተካከልም። ስለዚህ ዘሩን ሳይፈጭ መግዛት፣ በፍሪዘር ማስቀመጥና በሚሠራበት ዕለት መፍጨት ይመረጣል። ሳይፈጭ ቢቀቀል አሸዋ እንደነካው ምግብ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል እንጂ አይላቁጥም። በሙቀጫ መውቀጥ ይቻላል፤ የቡና መፍጫ የሚጠቀም ግን መፍጫውን በደንብ ማጽዳት አለበት፣ አለዚያ የቡናው ሽታ ይከተለዋል።

ከላይ ለተሰጠው ሊጥ 100 ግራም የተፈጨ የፖፒ ዘር፣ 100 ሚሊ ሊትር ወተት ወይም ውሃ፣ 50 ግራም ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ማርና የሎሚ ልጣጭ ፍቅፋቂ በቂ ነው፤ የሚወድ ዘቢብ ይጨምርበታል። በቀስታ እሳት ላይ እያማሰሉ ማብሰልና ማንኪያው ድስቱን ሲጠርግ የሄደበት መንገድ ተመልሶ የማይሞላ ሲሆን ማውረድ ነው። ሲበርድ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ሙቅ ሳለ ሊጥ ላይ ማድረግ ግን ቅቤውን ያቀልጠዋል።

እንዴት ይቆረጣል፣ እንዴትስ ይታጠፋል?

ሊጡን በሁለት የመጋገሪያ ወረቀቶች መካከል አድርጎ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው በመዳመጫ መዳመጥ፣ ከዚያም አፉ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ ብርጭቆ ክብ ክብ አድርጎ መቁረጥ ነው። ወረቀቱ የሚያስፈልገው የሚነሰነስ ዱቄት ለመቀነስ ነው፤ ዱቄት የነካው ጠርዝ ከጠርዝ ጋር አይጣበቅም። በየክቡ መካከል አንድ ልከኛ የሻይ ማንኪያ መሙያ ይደረግና ጠርዙ ዙሪያውን በተመታ እንቁላል ነጭ በስሱ ይቀባል።

አስተጣጠፉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሦስቱን ጫፎች በጣት ቆንጥጦ ማጣበቅ ሲሆን መልኩ የሚያምረው ይህ ነው። ሁለተኛው የግራውን ጎን ወደ መካከል ማጠፍ፣ የቀኙን በላዩ መደረብ፣ የታችኛውን ደግሞ ወደ ላይ አጥፎ አንዱን ጫፉን ከግራው እጥፋት ሥር ማስገባት ነው። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ጎን አንድ ጫፉ ከላይ፣ ሌላው ጫፉ ከሥር ስለሚሆን እጥፋቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ለጀማሪና ራቅ ወዳለ ቦታ ለሚላክ ብስኩት ይህኛው ይመከራል። መካከሉ የአንድ ጣት ጫፍ የሚያህል ክፍት መተው አለበት።

ምድጃ ውስጥ ሲገባ ለምን ይከፈታል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፣ መልሱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አያልፍም፦ ሊጡ ሞቋል ወይም መሙያው ቀጥኗል። ቅቤ ያለበት ሊጥ ሙቀት ሲያገኝ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዱቄቱና እንቁላሉ ጠንክረው ቅርጹን የሚይዙት። ሐማንታሹ ሞቅ ብሎ ከገባ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ይረዝምና ጎኖቹ ተዘርግተው ይወድቃሉ። መድኃኒቱ ታጥፎ ያለቀውን ብስኩት ከነትሪው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አቆይቶ፣ አስቀድሞ በሚገባ ወደ ጋለ የ180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ምድጃ በቀጥታ ማስገባት ነው። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን ይወጣል፤ ሲወጣ ለስላሳ ቢመስልም ትሪው ላይ ሲበርድ ይጠነክራል።

መሙያውን በተመለከተ፣ ከሱቅ የሚገዛው ቀጭን ማርማላታ ውሃው ስለሚበዛ ቶሎ ይፈላና እየተንተከተከ እጥፋቱን ይገፋል። በስኳር የወፈረ መሙያ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ያለ በመሆኑ ብስኩቱ እስኪጠነክር ድረስ ረግቶ ይቆያል። ያለው ማርማላታ ቀጭን ከሆነ በእሳት ላይ ማወፈር፣ ወይም አንድ ሁለት ማንኪያ የተፈጨ ብስኩት ወይም የተፈጨ ለውዝ መቀላቀል ይረዳል። ሁለቱም ተስተካክለው አሁንም የሚከፈት ከሆነ የመሙያው ብዛት ይመርመር፤ ሰው ሁሉ ትንሽ ጨምሮ ማድረግ ይወዳል፣ ሐማንታሽ ግን ይህን ቸርነት አይችልም።

በቅቤ ፋንታ ንጥር ቅቤ ወይም ዘይት መጠቀም ይቻላል?

በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ለወጥ እንጂ ለዚህ ብስኩት አይሆንም፤ ሽታው መሙያውን ይውጠዋል። ያለ ቅመም የተነጠረውም ቢሆን ውሃው ስለወጣ፣ በክብደት ልክ ከተተካ ሊጡ ቅባት በዝቶበት ይፈረፈራል። ገበያ የሚገኘው ለጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ታጥቦ አሬራው ከወጣለት ያገለግላል።

ዘይት ግን ይቻላል፤ እንዲያውም በብዙ ቤቶች የሚመረጠው እሱ ነው። የፑሪም ቀን ግብዣ በአብዛኛው ሥጋ ያለበት ስለሆነና በካሼር ሥርዓት ሥጋ ከወተት ጋር ስለማይበላ፣ ከምግቡ በኋላ የሚቀርበው ሐማንታሽ ፓርቬ፣ ማለትም ወተትም ሥጋም የሌለበት መሆን አለበት። ለዚህ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 2 እንቁላል፣ 150 ግራም ስኳር፣ 60 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፣ ከ420 እስከ 450 ግራም ዱቄትና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይበቃል። የዘይት ሊጥ እንደ ቅቤ አይጠነክርም፤ ስለዚህ ተደራርቦ የሚታጠፈው አስተጣጠፍ ይስማማዋል። መሙያውም ወተት የሌለበት መሆኑ፣ ትሪውና ዕቃው የወተት ወይም የሥጋ መሆኑም አብሮ ይታሰብ።

አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ውስጥ ስጋግረው ለምን ሌላ ዓይነት ይሆናል?

ከፍታው ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤኪንግ ፓውደር ሊጡን አብዝቶ ይነፋዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላውም በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ መሙያው ቀድሞ ይፈላል፣ ሊጡም ቶሎ ይደርቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን በግማሽ መቀነስ ወይም ጭራሹን መተው፣ ሊጡ ከተሰነጣጠቀ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ መጨመር፣ መሙያውንም ከተለመደው አወፍሮ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ስንት ቀን ይቆያል?

በደንብ ከበረደ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ከተቀመጠ እስከ 5 ቀን ሳይበላሽ ይቆያል። ሙቅ እያለ ከተከደነ በላቡ ይለሰልሳል። ሳይጋገር ታጥፎ ፍሪዘር ውስጥ እስከ 1 ወር ሊቀመጥ ይችላል፤ ሲፈለግ ሳይቀልጥ እንዲሁ ወደ ምድጃ ይገባል፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይጨመርለታል።

ሐማንታሽ ብቻ ብልክ ሚሽሎአሕ ማኖት ይሆንልኛል?

የሚሽሎአሕ ማኖት፣ ማለትም የፑሪም ምግብ መላላክ ግዴታው ቢያንስ ለአንድ ሰው ሁለት ዓይነት የሚበላ ወይም የሚጠጣ ነገር መላክ ነው። ስለዚህ ምንም ያህል ቢበዛ አንድ ዓይነት ሐማንታሽ ብቻውን አይበቃም፤ ብርቱካን፣ ጠርሙስ ጭማቂ ወይም ሌላ ምግብ አብሮት ይላካል። መላክ ያለበት በፑሪም ቀን እንጂ በዋዜማው ሌሊት አይደለም። ለድሆች የሚሰጠው ራሱን የቻለ ሌላ ግዴታ ሲሆን፣ ቢያንስ ለሁለት ችግረኞች በዚያው ቀን ይሰጣል፤ ያማረ የብስኩት ቅርጫት ለጎረቤት መላክ ይህን አይተካም።

ቤተ እስራኤል ኢትዮጵያ ሳሉ ሐማንታሽ ይጋግሩ ነበር?

አይጋግሩም ነበር። ቤተ እስራኤል የአስቴርን ታሪክ ያውቃሉ፣ የአስቴርንም ጾም ይጾሙ ነበር፤ ዛሬ የሚታየው የፑሪም አከባበር፣ ጭምብሉና ሦስት ማዕዘኑ ብስኩት ግን አልነበራቸውም። ሐማንታሽን የተዋወቁት እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው፤ ብዙዎቹም ያዩት ልጆቻቸው ከመዋዕለ ሕፃናትና ከትምህርት ቤት ይዘው ሲመጡ ነው። ስለዚህ «የኢትዮጵያ አይሁድ ጥንታዊ ሐማንታሽ» የሚባል ነገር የለም። በማርና በሰሊጥ የሚሞላው ግን የሚጥም አዲስ ፈጠራ ነው፤ ሰሊጡ ተቆልቶ ይወቀጥና በማር ይለወስ።

በጤፍ ዱቄት መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ ሆኖም ጤፍ ሊጥን የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለው ሊጡ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሁለት ሦስተኛ ጤፍና አንድ ሦስተኛ የድንች ወይም የበቆሎ ስታርች ቀላቅሎ፣ አንድ ተጨማሪ አስኳል ጨምሮ፣ ሊጡን ከ5 ሚሊ ሜትር ባላነሰ ውፍረት መዳመጥ ይረዳል። ግሉተን ለማይስማማው ሰው የሚጋገር ከሆነ ጤፉ ከስንዴና ከገብስ ጋር በአንድ ወፍጮ ያልተፈጨ መሆኑ ይጣራ።

በሃይማኖቱ ሥርዓት በኩል፣ ጤፍ ከአምስቱ የእህል ዓይነቶች፣ ማለትም ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከስፔልት፣ ከአጃና ከሪይ ጋር አይቆጠርም። ስለሆነም ከንጹሕ የጤፍ ሊጥ ኻላ፣ ማለትም በሥርዓቱ ከሊጥ ተቆርሶ የሚለየው ድርሻ፣ አይለይም። በላዩ ስለሚባለው በረከት ግን ረቢዎች አንድ አስተያየት የላቸውምና የራስን ረቢ ወይም የቤተ እስራኤል ቄስ መጠየቅ ነው።

ከብስኩት ሊጥ ኻላ ይለያል?

ሊጡ ብዙ ከሆነ አዎ። በእስራኤል በብዛት በሚሠራበት ልክ፣ ዱቄቱ 1.2 ኪሎ ሲደርስ ያለ በረከት፣ 1.666 ኪሎ ሲደርስ ደግሞ በበረከት ይለያል። ከላይ የተሰጠው የ300 ግራም መጠን ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ይሁን እንጂ ለመላው ዘመድ አዝማድ በአንድ ጊዜ የሚጋግር ሰው በቀላሉ ይደርስበታል። ሊጡ በእንቁላል፣ በቅቤና በብርቱካን ጭማቂ ብቻ ሲለወስ ጥያቄ ስለሚያስነሣ፣ ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ የተለመደ መፍትሔ ነው። በቴል አቪቭና በዲሞና፣ በኒው ዮርክና በአዲስ አበባ መካከል የኻላው ዝርዝር ሊለያይ ስለሚችል መጠኑን ከአካባቢ ረቢ ማረጋገጥ ይገባል።

የፖፒ ዘር የዕፅ ምርመራ ላይ ያስይዛል የሚባለው እውነት ነው?

ሊሆን ይችላል። ዘሩ ራሱ አያሰክርም፤ ነገር ግን ከተክሉ ወተት የተረፈ ሞርፊንና ኮዴይን ልጣጩ ላይ ሊቀር ስለሚችል የሽንት ምርመራ ላይ ሊታይ ይችላል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2023 ፌብሩዋሪ ወታደሮቹ የፖፒ ዘር ከመብላት እንዲቆጠቡ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ማጠብና ማብሰል መጠኑን ይቀንሰዋል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ በሥራው ጠባይ የዕፅ ምርመራ ለሚደረግበት ሾፌር፣ ነርስ ወይም ወታደር ሐማንታሽ የሚልክ ሰው ቴምሩን ወይም ፕሪሙን ቢመርጥ ይሻላል።

በተባበሩት ዐረብ ኤሚሬትስ ደግሞ ጉዳዩ ከምርመራ ያልፋል፤ የፖፒ ዘር ወደ አገሩ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ወደ ዱባይ ወይም ወደ አቡዳቢ ለሚሄድ መንገደኛ በፖፒ ዘር የተሞላ ሐማንታሽ ሻንጣው ውስጥ ጨርሶ አይደረግለት።